ሞተር የተሸከመው ቃሬዛ

ሚስቴን ቀብሬ አርባዋ ሳይወጣ፣ የጌታዬ አውቶሞቢል ከጀጎል ግንብ መግቢያዎች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር አጠገብ ሲደርስ ሞተሩ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ቀጥ አለ። አላዘንኩም። ያን ሰሞን ምንም አያሳዝነኝም ነበር፤ ምግብ ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፣ ቢያነሱብኝም አልቆጣም። ጌታዬ ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ ቡና ነጋዴ ነበሩ። መጥተው አዩትና፣ «ተፈቶ ይታደስ። ከተሰበረ ግን መለወጫ የለንም፤ አንተም ወደ በቅሎህ ትመለሳለህ» አሉኝ። ሾፌር ከመሆኔ በፊት በቅሎ ነጂያቸው ነበርኩ። መሪ ከጨበጥኩ ወዲህ ግን በቅሎ ሳይ ፊቴን የማዞር ጉረኛ ሆኜ ነበር።

ሞተሩ የሚፈታው እግቢያቸው ነው፤ የጀጎል መንገድ ደግሞ መኪና አያስገባም። የጀጎል ልጅ የሆነውን አናጢ ወዳጄን፣ «ሞተሩ የሚታሰርበት፣ እግር ያለው፣ በትከሻ የሚያዝ ነገር ሥራልኝ» አልኩት። ጥሩ አድርጎ ሠራው። እጁ የለመደው ግን አስከሬን የሚሸኙበትን የመስጊዱን የጀናዛ ቃሬዛ ነውና ቁርጥ እሱን አስመስሎት አረፈ። እኔም ብልጡ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነጭ አቡጀዲ አለበስኩት!

ሞተሩን በሰንሰለት አንስተን፣ የማሰሪያ ጆሮዎቹን ከእንጨቱ ጋር በብሎን አጥብቀን፣ አራት ሆነን ተሸከምነው። በሩን እንዳለፍን እንጨቱ ትከሻዬን ይልጠኝ ጀመር። ይሄኔ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ። ጀናዛ ሲያልፍ ትከሻ ሳይሰጡ መቀመጥ እዚያ ነውር ነው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ከሥሩ ገቡ።

«ያ ረቢ፣ ምን ያለ ከባድ ሰው ነው!» አለ አንዱ።

አናጢው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ዝም በል። አሁን ብትነግራቸው ይለቁታል፤ ወላሂ ይሰበራል» አለኝ።

ዝም አልኩ። ያን ሰሞን የተካንኩበት ሙያ እሱ ብቻ ነበር።

ከፊቴ በተሸከሙት ሽማግሌ ነጭ ልብስ ላይ ጥቁር ዘይት ጠብ አለ። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

«ልጄ፣ ሟቹ ማነው?»

«ሞተር ነው፣ አባባ።»

ሰዉ ቆመ። ቃሬዛው ወደ እኔ በኩል ዘመም አለ። በቅሎዬ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች።

«ያዙ እንጂ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። «የተሸከምነውን መንገድ ላይ ልንጥል ነው?»

እየሳቁም እየሰደቡኝም እግቢው ድረስ አደረሱት። በአራት እግሩ ቆመ፤ አንድም ነገር አልተሰበረም።

ሽማግሌው ሲወጡ እጄን ይዘው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «አላህ ያጽናህ» አሉኝ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም በአፌ ሳቅኩ። በሚስቴ ልቅሶ ስንቱ ሰው እንዲህ ብሎኛል። የእሷንም ቃሬዛ ተሸክሜያለሁ፤ ይክበድ ይቅለል ግን ዛሬም አላውቅም።

ሰዉ ሲበተን መፍቻዬን አንስቼ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመርኩ። እንጨቱ የላጠው ትከሻዬ ቆጠቆጠኝ። በጣቴ ጫን አልኩት፤ አመመኝ። ደግሜ ጫን አልኩት።