ታጥበሽ ነይ

ልጅ እያለሁ፣ አንድ የክረምት እሑድ ጠዋት፣ ነቀምቴ በቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል የነበርነው እነዚህ ነን፦ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ጋሽ ደሳለኝ፤ ጫልቱ፤ ገመቺስ፤ ለሊሴ፤ እኔ። ለሊሴ ከገጠር፣ ከኡኬ መጥታ፣ ከወንዙ ማዶ አክስቷ ዘንድ ከተቀመጠች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር።

ጋሽ ደሳለኝ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ አስተምሮን፣ እኛም በዚያ እሑድ እንድንተጣጠብ ቀጥሮን ነበር። እናቴ ከቤት ሳልወጣ እግሬን በሳሙና ፈትጋ፣ ቫዝሊን ቀብታ፣ አዲስ ካልሲ አጠለቀችልኝ። የጫልቱና የገመቺስ እግርም እንደዚያው ያብረቀርቅ ነበር። የምንታጠብበት ሳፋ ሰማያዊ ነበር፤ አረንጓዴ ነበር የሚሉ ካሉ ተሳስተዋል።

ለሊሴ ግን የተባለውን እውነት ብላ፣ ሳትታጠብ ነው የመጣችው። ማን ማንን እንደሚያጥብ ዕጣ ስናወጣ ለእኔ ደረሰችኝ። የፕላስቲክ ጫማዋን ስታወልቅ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነበር።

«ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ እርሻውን ይዛው መጣች!» አለ ገመቺስ። ጫልቱ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ከሳቅ የባሰ አደረግኩ። ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «መጀመሪያ ቧንቧው ጋ ታጥበሽ ነይ» አልኳት።

«እዚህ አይደል እንዴ የሚታጠበው?» አለች፣ ወደ ጋሽ ደሳለኝ ዞራ።

«ሂጂ እንጂ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሃው ይደፈርሳል» አላት።

ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ወጣች። አልተመለሰችም፤ በሚቀጥለው እሑድም፣ ከዚያ በኋላም። እኔ የገመቺስን ንጹሕ እግር አጠብኩ። በኋላም ጋሽ ደሳለኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉባኤው ፊት አቁሞኝ «ትሕትናን ከዚህ ልጅ ተማሩ» ሲል እልል ተባለልኝ። አንገቴን ደፋሁ። ልቤ ግን ጣራ ነክቶ ነበር።

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በዚያን ጊዜ ቢያንስ ካሜራ አልነበረም። አሁን ሽቶ የተቀባ እግር እየታጠበ፣ አጣቢው ጎንበስ እንዳለ ፎቶ እስኪነሳ ይጠብቃል። ባለፈው ሳምንት እኔንም «አርአያ ነህ» ብለው ለእግር ማጠብ መረጡኝ። እምቢ አልኩ። «እንዴት ያለ ትሑት ነው!» አሉ። ይኸው፣ ለእምቢታዬም አጨበጨቡለት።

ጫልቱ፣ ገመቺስ፣ ጋሽ ደሳለኝም በሕይወት ካለህ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። ለሊሴ ቧንቧው ጋ ደርሳለች? ወይስ በጭቃዋ ሄደች? ተከትሏት የወጣ ሰው ነበር? እኔ አልወጣሁም። ብቻ «ልጅ ነበርክ» ብላችሁ አታጽናኑኝ። ልጅ እሷም ነበረች።