ለዐሥር ጣት የሚበቃ ማሞቂያ

አምፖል ልገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ጎራ ስል፣ አንድ ሻንጣ የሚያህል ማሞቂያ ባንኮኒው ሥር አስቀምጠው የቆሙት እትዬ ባለመርፌ ነበሩ። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሌሎች ልብስ ሰፊዎች የሰፉትን ካፖርት ወደ እሳቸው ይልካሉ፤ እሳቸው የቁልፉን ቀዳዳ በእጃቸው ይዘመዝሙታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው።

ገና ሰላም ሳልላቸው፣ «ልመልሰው ነው» አሉኝ። «ኢንጂነሩ ነው የገዛልኝ።»

ኢንጂነሩ ታናሽ ወንድማቸው ነው። አንድ ጊዜ ካውያ ጠግኖ ማዕረጉን ለራሱ ሰጠ። ካውያው ከዚያ ወዲህ ሞቆ አያውቅም።

የሚሠሩበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ በሩ ቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት ነው። ብርድ ሲገባ ጣታቸው ይደነዝዛል፤ ጓንት አጥልቆ ደግሞ መርፌ አይያዝም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀዳዳ ተጣመመባቸው። ዋናው ደንበኛቸው ካፖርቱን መልሶ፣ አንድ ጊዜ ከደገሙት የቁልፍ ቀዳዳ የሚሰፋ ማሽን እንደሚገዛ ነገራቸው። ኢንጂነሩ ይህን ሲሰማ ባለ ዘይቱን ማሞቂያ ተሸክሞ መጣ። ማሞቂያው ከጠፋም በኋላ ዘይቱ ሙቀት ስለሚይዝ መብራት ይቆጥባል ብሎ ግማሽ ቀን አስተማራቸው። ያ ጉድ ክፍሉን ለማሞቅ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ልክ ለብ ሲል አንዱ በሩን በርግዶ ይገባል።

«መንገዱን ሳሞቅ ሰነበትኩ» አሉ። «ውሾቹ ደጄ ላይ መተኛት ጀምረዋል።»

ሻጩ ክራቫቱን እያስተካከለ መጣና፣ «እማማ፣ እንግዲያው ይሄን ይውሰዱ፤ አዲስ ነው፣ ቆጣቢ ነው» ብሎ አንድ የሚያብለጨልጭ ማሞቂያ አቀረበላቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አውጥተው የሁለቱንም ጀርባ አነበቡ። ሁለቱም ሁለት ሺህ ዋት ይላሉ።

«እኩል እየበሉ አንዱ የሚቆጥበው ከየት አምጥቶ ነው?»

ሻጩ ስለ ቴክኖሎጂው ረጅም ነገር ተናገረ። እትዬ አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት አዳመጡት፤ ሲጨርስ፣ «ሸሚዝህን የሸጠልህም እንዲህ ሲያወራ ነበር መሰለኝ፤ ኮሌታው ተገልብጦ ነው የተሰፋው» አሉት። እጁ ወደ አንገቱ ሲሄድ ሳቄን በሳል አሳለፍኩት።

ከዚያ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማሞቂያዎቹን ተራ በተራ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ አስበሩ። እኔን በሩን እንደ ደንበኛ እየከፈትኩ እንድዘጋ አዘዙኝ። ብርዱ ሲገባ ከኮታቸው ጠርዝ መርፌና ክር አውጥተው ክሩን ለመሰካት ይሞክራሉ። ባለ ዘይቱ ፊት አልሆነም። የሚያብለጨልጨው ሙቀቱን በነፋስ ስለሚገፋ ክሩን ያወዛውዝባቸው ጀመር። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰች ትንሽ ማሞቂያ አስወጡ። ሁለት ዘንግ አላት፤ ሲበሩ እንደ ፍም ይቀላሉ።

«እሷን እንኳ የሚገዛ የለም» አለ ሻጩ። «ሳሎን ውስጥ አታምርም።»

«ሳሎን አለኝ አልኩህ?»

አንዱን ዘንግ ብቻ አስበሩ። አራት መቶ ዋት። እጃቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው ጥቂት ቆዩ፤ በሩን እንደገና ከፈትኩት። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። እትዬም ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጥፈው ዘረጉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ለደስታ የቀረበ ነበር።

ስትወድቅ በራሷ መጥፋቷን ሳያዩ ግን አልተነሡም፤ ጨርቅ ያለበት ቤት ነው። ገፍተው ጣሏት፤ ሻጩ ደነገጠ፤ ጠፋች። ሒሳቡንም እዚያው በጣታቸው ሠሩት፦ ይቺን አምስት ሰዓት ቢያበሯት፣ የኢንጂነሩ ግዙፍ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ነው የምትበላው።

ሻጩ ለውጡን እያጉረመረመ ጨረሰ። እኔ አምፖሌን፣ እሳቸው ማሞቂያቸውን ይዘን ወጣን። መታጠፊያው ላይ ስንለያይ፣ ወንድምዎ ይቀየም ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይቀየም» አሉ፣ ካርቶኗን ብብታቸው ሥር እያመቻቹ። «አንተ ዘንድ ከመጣ፣ ቤቱን አታሞቅም ይልሃል። ካፖርት የሚሰፋው ቤቱ አይደለም በልልኝ።»