የሳን ቪጂሊዮ ታፔላ

ኤርሜቴ ዳል ዞቶ ክብደቱ መቶ አራት ኪሎ ነው። ሚስቱ ኖሪና ግን መቶ ስምንት ነው ባይ ናት፤ ሚዛኑን የገዛችው እሷ ስለሆነች እሷን ማመን ይሻላል። ዕድሜው ስልሳ ሰባት ሲሆን አርባ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈው ከፒያቬ ወንዝ በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ የሰው ወይን ሲገርዝ ነው። እዚያ ወይን የሚገርዝ ሰው አንድ እግሩ ከሌላው አጠር ቢል ይቀለው ነበር፤ መሬቱ ያን ያህል ያዘመመ ነው። መቀሱን ከያዘ የሚደርስበት የለም። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደሚቀር ገና ሐረጉን ሳይነካ ያውቀዋል። ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ብልሃት ገደል ይገባል።

እሑድ እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከዮላንዳ ቡና ቤት ደጃፍ ሦስት ሰዎች ይነሳሉ። አንዱ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ኦሊንዶ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከፊት የሚመጣ ነፋስ እንኳ ፈልጎ አያገኘውም። ሁለተኛው አናጢው ሲልቫኖ ነው፤ አጭር፣ ነገረኛ፣ ዳገት ባየ ቁጥር የሚስቅ ጉደኛ። ሦስተኛው ኤርሜቴ ነው። መንገዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አልተቀየረም። በወንዙ ዳር ወርደው ሸለቆውን ያቋርጣሉ፤ ከዚያ በወይኑ መሀል ሽቅብ ወደሚያስኬደው፣ መንደርተኛው “አህያ አስለቃሽ” ወደሚለው ዳገት ይዞራሉ። ከዳገቱ ጫፍ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ በኋላ አጭር ሜዳ፤ ሜዳው ሲያልቅ “ሳን ቪጂሊዮ” ተብሎ የተጻፈበት የመንደሩ ታፔላ። ታፔላውን ቀድሞ ያለፈ የዕለቱ አሸናፊ ነው።

ዋንጫ የለም፣ ሽልማት የለም። ዮላንዳ ባንኮኒው አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከአሸናፊው ስም በታች ያለውን ቁጥር አጥፍታ በአንድ ከፍ ታደርገዋለች፤ በቃ። ግን ሕግ አላት። አሸናፊ አፉን አይከፍትም፤ የሚመሰክረው ተሸናፊው ነው። ሕጉን ያወጣችው ኦሊንዶና ሲልቫኖ አንድ ጊዜ “እኔ ነኝ”፣ “እኔ ነኝ” እየተባባሉ ሁለት ሳምንት ካደነቆሯት በኋላ ነው።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው። የኤርሜቴ ስም የለም። ለምን ይኖራል? እሱ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ሁለቱ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጀምረዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮ ሲጋልብ አንድም ሽቅድምድም በዓይኑ አላየም። የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ማን የት ላይ እንደፈተለከ፣ ማን ማርሽ እንደሳተ። እየሳቀ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ግን ያንገበግበዋል። አንድ ቀን እንኳ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆም ብሎ የጠበቀው የለም። ይህን የምታውቀው ኖሪና ብቻ ናት፤ እሑድ ምሳ ላይ የበቆሎ ገንፎውን ግማሽ ሲተው ታየዋለች። ኤርሜቴ ደግሞ ገንፎ የሚተው ሰው አይደለም።

በዚህ መኸር ታዲያ ኦሊንዶ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ከሁሉም ቅዱሳን በዓል በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ሮቪጎ ከተማ፣ ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው። ሮቪጎ ሜዳ ነው፤ ከፍ ያለ ነገር ያስፈለገው ሰው ወንበር ላይ ነው የሚወጣው። አንድ እሑድ ብቻ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ደግሞ፣ ጉድ በል፣ ስድስት መቶ ሰማንያ ሰባት ለስድስት መቶ ሰማንያ ሰባት።

ማክሰኞ ዕለት ኤርሜቴ የወይኑን ሽቦ ሲወጥር ሲልቫኖ እያለከለከ መጣ።

“ስማ፣ ማንም እንዳይሰማ” አለው፣ ዙሪያው ከወይን በቀር ምንም ሳይኖር።

“እዚህ ማን ይሰማል?”

“እሑድ ልለቅለት ነው።”

“ምኑን?”

“ድሉን ነዋ! ታፔላው ጋ ስደርስ ፍሬን እይዛለሁ። ሰውየው ሜዳ ሊገባ ነው እኮ፤ ቢያንስ አሸንፎ ይሂድ። ለሰው ብትናገር ግን እንተያያለን። በቅዱስ ቪጂሊዮ ማልልኝ!”

ኤርሜቴ ማለ። ሲልቫኖ እንዲህ ያለ አንጀት አለው ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ኦሊንዶ ብቅ አለ። እሱ ነገሩን እስኪያመጣ ግማሽ ረድፍ ሙሉ አብሮት ሽቦ ወጠረ።

“ሲልቫኖ ብቻውን ሊቀር ነው” አለ በመጨረሻ።

ኤርሜቴ “እኔስ?” ሊል ነበር፤ ዋጠው።

“እሑድ አላሸንፈውም። መጨረሻው ላይ እግሬን አሳርፋለሁ። እልኸኛ ነው፤ ካወቀ ይገድለኛል። ማልልኝ።”

አሁንም ማለ። ሁለቱንም ምስጢር ሆዱ ውስጥ አጎረና ማታ ገንፎውን ጠርጎ በላ። ኖሪና ተጠራጠረች።

“ምን ሆነሃል?”

“ምንም። የብስክሌቱን ካቴና ዘይት ልቀባ ነው።”

“አንተ? ዘይት?”

ሁለቱም ቢቆሙ ታፔላውን ማን ያልፋል? ይህን ሐሳብ ከአእምሮው ሊያወጣው ሞከረ፤ አልወጣም። ነውር ነው ብሎም አሰበ። ነውር መሆኑ ግን ዘይቱን ከመቀባት አላገደውም።

እሑድ ጭጋግ ነበር። አህያ አስለቃሽ ሥር ሲደርሱ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ተፈተለኩ።

“ኤርሜቴ፣ ምሳ ሰዓት እንገናኝ!” አለ ሲልቫኖ ሳይዞር።

“ካልደረስክ ቄስ እንልክልሃለን!” አለ ኦሊንዶ።

ኤርሜቴ ትንፋሽ ይቆጥብ ነበር። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ ለማንም አይራራም። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ቆሞ ውኃ የሚጠጣባት ድንጋይ ነበረች። አላያትም፤ አለፋት። ቁልቁለቱ ሲጀምር እጁ እንደ ልማዱ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ቦታ ላይ ፍሬን እንደያዘ ነው የወረደው። ዛሬ ለቀቀው። ዳገቱ ላይ የከዳው ክብደት አሁን ታዘዘለት፤ የወይኑ ረድፎች በግራና በቀኝ ሸሹ፤ “እመቤቴ ማርያም!” የሚል ድምፅ ሰማ፤ የራሱ ነበር።

ከቁልቁለቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲወረወር አያቸው። ለታፔላው ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ሁለቱም አንድ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆመዋል፤ ጩኸታቸው ከሩቅ ይሰማል።

“ሂድ አልኩህ!”

“አንተ ሂድ! ጉልበቴን አሞኛል!”

“እኔም ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ገብታለች!”

“ሩብ ሰዓት ሙሉ ትንኝ?”

ኤርሜቴ መቆም ይችል ነበር ወይ? ፍሬኑ ደህና ነበር። ፍላጎቱ ግን አልነበረውም። በመሀላቸው ሲያልፍ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ቸርነት በአንዴ ጠፋና እኩል ፔዳላቸው ላይ ዘለሉ። የሲልቫኖ ጫማ አዳለጠው። ኦሊንዶ ከባድ ማርሽ ላይ ስለነበር ብስክሌቱ አልነቃነቅ አለው። ኤርሜቴ ታፔላውን አለፈ። ማቆም የቻለው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው።

ቡና ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ የመጨረሻው እሑድ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዮላንዳ ጠመኔዋን ይዛ ጠበቀቻቸው።

“እሺ፣ ማን ነው የተሸነፈው?”

“እኔ” አለ ኦሊንዶ።

“እኔ” አለ ሲልቫኖ።

“ሁለታችሁም? ለማን?”

ኦሊንዶ በጣቱ ወደ በሩ ጠቆመ። “ለኤርሜቴ።”

ቡና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ፤ ሌላው “በመኪና ነው እንዴ?” ብሎ ጮኸ። ዮላንዳ ብቻ አልሳቀችም።

“አፈር በሉ! በዚህ ዕድሜያችሁ ሰው ታላግጣላችሁ? ሠላሳ አንድ ዓመት ጥላችሁት ስትመጡ አይበቃም? በሉ እሱ እንዴት አድርጎ እንዳሸነፋችሁ ንገሩኝ። ካልነገራችሁኝ አልጽፍም።”

ሲልቫኖ ጣሪያውን አየ። ኦሊንዶ ጫማውን አየ። ኤርሜቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ቆቡን ያሽ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ እሱ ግን አሸናፊ ስለሆነ ቃሉ አይቆጠርም፣ በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ምሏል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከመዋደዳቸው ይልቅ መስረቃቸውን በሰው ፊት የሚያምኑ ዓይነት ሰዎች ናቸው። አለቀልኝ ብሎ አሰበ። ጠመኔዋ ወደ ኪሷ ልትመለስ ነበር።

“ፍሬን ይዤ ነበር” አለ ኦሊንዶ። “ሲልቫኖ እንዲያሸንፍ ብዬ ቆምኩ። ስሄድበት እንዳይከፋው ብዬ። ይኸው ተናገርኩ፤ ሳቁ እንግዲህ።”

ማንም አልሳቀም። ሲልቫኖ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ።

“ፍሬን የያዝከው አንተ ነህ? እኔ ነኝ የያዝኩት! ላንተ ብዬ!”

“ውሸት! እኔ ነኝ ቀድሜ የቆምኩት!”

“ማክሰኞ ነው የወሰንኩት እኮ! ኤርሜቴን ጠይቀው!”

“ኤርሜቴን? እኔም እኮ ሐሙስ ለሱ…” ኦሊንዶ ቆም አለና ዞረ። ሲልቫኖም ዞረ። “አንተ ታውቅ ነበር?”

“አስምላችሁኝ ነበር” አለ ኤርሜቴ።

“አንተ ሌባ!” አለ ሲልቫኖ፤ ግን እንባው ወርዶ ስለነበር ስድቡ አልሠመረለትም። መሀረብ አውጥቶ አፍንጫውን ሲናፈጥ ኦሊንዶ ትከሻውን ያዘው፤ እሱም አላስለቀቀም። ዮላንዳ ባንኮኒውን ያለ ምክንያት ስትወለውል ቆየችና ሰሌዳው ላይ ከሁለቱ ስሞች ቀጥላ ሦስተኛ ስም ጻፈች፤ ከሥሩ አንድ ቁጥር። ኤርሜቴ ሄዶ ቀረብ ብሎ አየው። ፊደሉ ትክክል ነበር። ደስታው ግን እንዳሰበው አልሆነም፤ የኦሊንዶ ወንበር ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ባዶ እንደሚሆን ድንገት ታየው።

ማታውን ሲለያዩ ሲልቫኖ ብስክሌቱን እየገፋ ኤርሜቴን እስከ ቤቱ በር ሸኘው። እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር።

“እንግዲህ የሚመጣው እሑድ” አለ ሲልቫኖ፣ “ሁለታችን ብቻ ነን።”

“አዎ።”

“ከማን ጋር ልሽቀዳደም?”

ኤርሜቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልወጣውን ቃል ፈልጎ አገኘው። “ዳገቱ ጫፍ ላይ ብትጠብቀኝ፣ ከኔ ጋር።”

ሲልቫኖ ወደ ዳገቱ አሻቅቦ አየ። “ብዙ ትቆያለህ እኮ።”

“እቆያለሁ።”

“እሺ” አለ ሲልቫኖ፤ “ወፈር ያለ ጃኬት እይዛለሁ።”