ሁዳዴን የረሳው ስሌት

ባለቤቴ ሩቅ ደጋ ላይ አጋዘን ይጠብቃል፣ ይቆጥራል። እኔ እዚህ ሲግናል ሰፈር ቁጭ ብዬ እሱ የቆጠራቸውን በኮምፒውተር አሰላለሁ። ስንት ይወለዳል፣ ነብርና ጅብ ስንቱን ይበላል፣ አዳኝ ስንቱን ይገድላል፣ ከዚያ መንጋው ይበዛል ወይስ ያልቃል፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ጎረቤቴ ስነግራት «እና ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

መንጋው አውሬውንም አዳኙንም ችሎ መብዛት ከጀመረ የእሱ ሥራ ያበቃል፤ ይመጣል። ስለዚህ ስሌቱን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው እሱን ነው። ናፍቆት ይገድላል ሲሉኝ እስቅ ነበር። አሁን የእሱን ትራስ ሳላቅፍ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ምን ይደረግ።

በዚህ ሁዳዴ የመንጋውን ብዛት የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ወጣ። ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ደወልኩለትና «ለፋሲካ እቤትህ ነህ» አልኩት። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። የትኛው የዶሮ ብልት እንዲቀመጥለት ሁሉ ነገረኝ።

በማግስቱ ደስታው እቤት አላስቀምጥ ቢለኝ፣ እንጦጦ ፓርክ ልወጣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ዳገቱን ተያያዝኩት። ሥጋ ቤቶቹ በጾሙ ተዘግተዋል። ደጃፋቸው ላይ የሰፈር ውሾች ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ባዶ መሬት ያሸታሉ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እሱ ካለበት ተራራ ሥር ያለችው ከተማም ሥጋ ቤት አላት፤ የሚጣለውን አጥንት ጅብ እየወረደ ይበላል። በጾም አጥንት ከየት ይመጣል? ጅቡ ተራራውን ይወጣና የአጋዘን ግልገል ይበላል። እኔ ደግሞ በስሌቴ ውስጥ ለጅቡ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆድ ሰጥቼዋለሁ። ሽሮ እየበላሁ ጾሙን ረሳሁት። ጉድ እኮ ነው።

ተመለስኩና ጾሙን ጨምሬ አሰላሁት። መስመሩ ቁልቁል ወረደ። ከእኔ በቀር ያየ ሰው የለም። አለቀስኩ፤ ሲወጣልኝ ደወልኩለት።

ሁሉንም ነገርኩት። የተራራው ነፋስ በስልኩ ይሰማኛል።

«ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?» አለኝ።

«አንተ ብቻ።»

«እንግዲህ ለመሥሪያ ቤቱ ንገሪያቸዋ፣ የኔ ዓለም» አለኝ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ዝም በይ፣ ልምጣ» ቢለኝ፣ እግዜር ያውቃል፣ ዝም እል ነበር። አላለኝም።