አሮጌ ኮምፒውተሬን የእናቴ ሲኒማ ያደረገው ከድር

ከድር ሞተ ይሉኛል። የትኛው ከድር? የከሚሴው፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አጥራችን አንድ የነበረው ከድር። ባለፈው ሳምንት ያናገርኩት ሰውዬ እኮ ነው። አሁንም አልዋጥልህ ብሎኛል።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

እኔ የምሠራው አዳማ ነው። ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ እማ ደወለች። በሥራ ሰዓት ከደወለች ነገሩ የታወቀ ነው፤ ቴሌቪዥኑ እምቢ ብሏታል። ሰላምታዋን እንኳ ሳልጠብቅ፣ "እማ፣ ሰው አለ አጠገቤ፤ ለከድር ደውይለት፣ መጥቶ ያይልሻል" አልኳት።

"ሰማሽኝ? ለከድር..." ስል፣

"አህመዴ፣ ከድርን እኮ ልንቀብረው ነው" አለችኝ።

ለማታውቁ፣ እናቴ እግሯ እምቢ ሳይላት በፊት ሰንበቴ ከተማ ገበያ ቅቤ የምትነግድ፣ ቤት መዋል የማታውቅ ሴት ነበረች። ቤት መዋል ስትጀምር ኑሮ መረራት። የኮሌጅ ኮምፒውተሬ ያኔ አልጋ ሥር አቧራ እየጠጣ ነበር። ለከድር "ለቆራሌው ስጠው" ብዬው ነበር። "ለመወርወርማ አንተን ማን ብሎህ" አለኝ።

ፈታትቶ አቧራውን አራገፈ። የተበላሸውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ሌላ ከተተበት፣ ቀለል ያለ ሲስተም ጫነበት፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። እማ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ፎልደሮቹ ላይ በስም ፋንታ ፎቶ አደረገላት። የእህቴን ፎቶ በማውስ ስትነካ የእህቴ ሰርግ ይከፈታል። የመስጊዱን ስትነካ መንዙማ። የላም ፎቶም አለ፤ እሱን ስትነካ ከድር ራሱ ጨፋ ሜዳ ወርዶ የቀረጸላት ማሽላና ከብት ይመጣል። "ሲኒማ ቤት ከፈትኩ" እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ትጠራ ነበር።

የእኔም ፎቶ አለ። መሀል ላይ፣ ከሁሉም ተለቅ ብሎ።

"አህመዴ፣ ቪዲዮ ላክላት" ይለኝ ነበር ከድር። "ምሳህን ስትበላም ቢሆን ቀርጸህ ላክ። ፎቶህን ትነካዋለች፣ ባዶ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የማፍረው እኔ ነኝ።" እሺ እለዋለሁ። ሥራ በዛብኝ እለዋለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ስንት ቪዲዮ እንደምለቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለእናቴ ግን ጊዜ አጣሁ።

ኋላ ላይ መጠየቁን ተወ። እውነት ልናገር፣ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እማ "ድምፁ ጠፋ" ስትለኝ እንደልማዴ ለእሱ ደወልኩ። ሲያወራ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "አሞሃል እንዴ?" አልኩት፣ ለወጉ ያህል። "ሆማ ሚቲ" አለኝ። በኦሮምኛ ምንም አይደል ማለቱ ነው፤ ዕቃ ሲቃጠልበትም፣ ሰው ሲያስቀይመውም ይቺን ነበር የሚላት። ለእኔም ስለተመቸችኝ አመንኩት።

ሄደላት። በራፉ ላይ ተቀምጦ አረፍ ካለ በኋላ ነው የገባው አለችኝ ዛሬ። ሠርቶ ሲጨርስ፣ "ሀርሜ፣ ዱዓ አድርጊልኝ" ብሏት ወጣ። ሀርሜ ነበር የሚላት፣ እናቴ ማለት ነው። ልቡን ያመው ኖሯል። ለማንም አልተናገረም።

እኛ አገር ጎረቤት ሐዘን ላይ ሆኖ ቴሌቪዥን አይከፈትም። እማም ጨርቅ አልብሳዋለች። "ደግሞስ እንዴት አድርጌ እከፍተዋለሁ?" አለችኝ እያለቀሰች። "ያንተን ፎቶ ስነካ የሚወጣው እኮ እሱ ነው።"

አልገባኝም ነበር፤ አስረዳችኝ። ባዶውን ፎልደር ከድር ራሱን እየቀረጸ ሞልቶታል። ሱቁ ውስጥ ሆኖ፣ መንገድ ላይ ሆኖ፣ ሻይ እየጠጣ። "ሀርሜ፣ አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? አህመድ ሰላም በልልኝ ብሏል፣ ሥራ በዝቶበት ነው" እያለ። እኔ መቼ አልኩና።

"እንዳላልክ አውቃለሁ" አለችኝ እማ። "እሱ ደስ ይበለው ብዬ ነው ያመንኩት።"

ይሄን የምጽፈው መኪና ውስጥ ሆኜ ነው፤ ወደ ከሚሴ እየሄድኩ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል፣ አልደረስኩም። እኛ ጋ ከመቀበሩ በፊት ለተሰበሰበው ሰው "የበደላችሁ ነገር ካለ አፉ በሉት" ይባላል። ሁሉም አፉ ብሎታል አሉኝ። ማንን በድሎ ነው እሱ?

ከድር ወንድሜ፣ አፉታ የሚያስፈልገው እኔ ነበርኩ፤ የሚሰጠኝ ደግሞ አንተ ብቻ ነበርክ። ለእናቴ ልጅ የሆንክላት አንተ፣ ስሙ የተጠራው የእኔ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ በጀነት ያገናኘን።

ሐዘኑ ሲወጣ ከመሀሉ ላይ የእኔን ፎቶ አንስቼ ያንተን አደርጋለሁ። ቦታው ያንተ ነው። እንዴት እንደሚቀየር ግን አላውቅም፤ አሁን ራሱ ላንተ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር።

ደህና ሁን ወንድሜ። አፉ በለኝ።