«እውነትህን» እና የሐይቁ መዝጊያ

የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ የሚያውቀው «እውነትህን» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስምማ አለው፤ ግን ሚስቱ እንኳ ስትናደድ ካልሆነ አትጠራበትም። ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከጀልባ መቆሚያው ወደ ገበያ በሚወጣው መንገድ ላይ ናት፤ አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ፣ በቃ። ደንበኛው አንገቱ ላይ ፎጣ ከታሰረለት በኋላ የፈለገውን ያወራል፤ ስለ ኑሮ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ አማቱ። እሱም ከኋላው ቆሞ «እውነትህን ነው» ይለዋል። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የዚያን ፍጹም ተቃራኒ ቢናገርም መልሱ ያው ነው።

አድርባይ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱበት። የሥራ ጠባይ ሆኖበት ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈ ሰው ከተከራከርከው ይመልስልሃል። ሲመልስልህ አገጩን ያንቀሳቅሳል። የቀረውን አንተ ታውቃለህ። ስለዚህ እሺ በለውና ዝም ይበልልህ» ብለውት ነበር። እሱም እሺ አለ። እሺ እንዳለ ፀጉሩ ሸበተ።

ያንን ሁሉ ዘመን ማንንም ሳይቆርጥ፣ ከማንም ሳይጣላ ኖሮ ነበር። ጣጣውን ያመጣበት ሐይቁ ነው። ሐይቁ አንድ መውጫ አለው፤ መውጫው ላይ እጀታው ሲዞር የሚወጣና የሚወርድ የብረት መዝጊያ ተገጥሟል። መዝጊያው ሲከፈት ውሃው ይጎድላል፣ ሲዘጋ ይሞላል። እዚህ ላይ ማንም አልተጣላም። ውሃው ሲሞላ ግን የታችኛው ሰፈር ቤቶች ውስጥ ሳያንኳኳ ይገባል። ሲጎድል ደግሞ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ይቀመጡና በጀልባ የሚተዳደረው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይውላል። ስለዚህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ «ይከፈት» ባይና «ይዘጋ» ባይ ሆኗል። ሰላምታ የተነፋፈጉ ጎረቤታሞች አሉ። ልጁን ከማን ጋር እንዳይጫወት የሚመክርም አልጠፋም። ፀጉሩን የሚቆረጠው ግን ሁሉም እዚያችው አንድ ወንበር ላይ ነበር።

ዝናቡ ሊገባ ሲቃረብ ከውሃ ቢሮ አንዲት ኢንጂነር መጣችና፣ «እኛ ብንወስን ትረግሙናላችሁ፤ ራሳችሁ ወስኑ» አለች። ከያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት ሰው፣ ሰባተኛ ደግሞ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ይመረጥ ተባለ። መምህሩ ሲጠቆም እነዚያ ጮሁ፣ ነርሷ ስትጠቆም እነዚህ ጮሁ። በመጨረሻ ከ«ይከፈት» ባዮች አንዱ ተነስቶ «እውነትህን ይሁን!» አለ። ተቃራኒዎቹ ብድግ ብለው፣ «እሱማ የኛ ነው! እኛም ልንጠቁመው ነበር!» አሉ። «ምን የናንተ? የኛ ነው እንጂ! ባለፈው ቅዳሜ አፍ ለአፍ ገጥመን አውርተናል!» ኢንጂነሯ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ታዲያ ሁላችሁም የኛ ነው ካላችሁ ምን ቀራችሁ?» አለች። ተጨበጨበ።

ወሬው ሱቁ ድረስ ሲደርስ እሱ የአንድ ደንበኛ ጆሮ ዙሪያ እየላጨ ነበር። እጁ ስቶ ቆረጠው።

«ኧረ ጆሮዬን!» አለ ደንበኛው።

«እውነትህን ነው» አለ፣ ከድንጋጤው ሳይወጣ።

የፈራው ወዶ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ የሚኖረው ታችኛው ሰፈር ነው፤ አንዲት ሴት ልጁ ደግሞ ጀልባ ነጂ ናት። መዝጊያው ቢከፈት ልጁ ልትጎዳ፣ ቢዘጋ ወንድሙ ሊጎዳ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሁለቱም «እውነታችሁን ነው» እያለ ኖሯል፤ ለየብቻቸው ስለሚያገኛቸው ደግሞ ችግር ገጥሞት አያውቅም።

መጀመሪያ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ወንድሙ አናጢ ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች በተወለዱበት የአባታቸው ቤት ብቻውን ይኖራል። ውሃው በገባ ቁጥር ጠጠር አምጥቶ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። ወለሉ ከፍ ሲል በሩ አልከፈት ስለሚል በሩን ነቅሎ ከታች በኩል በመጋዝ ይቆርጠዋል። ይህን ደጋግሞ ከማድረጉ የተነሳ ድሮ አባታቸው ባርኔጣ አድርገው ቀጥ ብለው ይገቡበት የነበረው በር አሁን እንደ ዶሮ አንገት ሰበር ካላደረጉ አያስገባም።

«ጭንቅላትህን!» አለው ወንድሙ ከውስጥ፣ ግን አልደረሰለትም። እውነትህን ግንባሩን እያሻሸ ገባ።

«ወለሉ ወደ ጣሪያው እየሄደ ነው፣ ማሙሽ» አለ ወንድሙ። ታናሹ ከሸበተ በኋላም ማሙሽ እንዳለው ነው። «አንድ ቀን ሲገናኙ እኔ መሃል እገኛለሁ።»

«እውነትህን ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

ደግሞም ከልቡ ነበር። ግድግዳው ላይ የእርጥበቱ መስመር ከአልጋው በላይ ወጥቷል። እናታቸው ቁመታቸውን እየለካች በቢላ የጫረችው ምልክት ከታች ያለው ተቀብሮ የላይኞቹ ብቻ ቀርተዋል። እውነትህን ቀሪዎቹን በጣቱ ዳሰሳቸው። ይከፈት! አለ በልቡ፤ ምን ጥያቄ አለው!

ከዚያ ወደ ጀልባ መቆሚያው ወረደ። ልጁ እጅጌዋን ሰብስባ የሞተሩን ዘይት ትቀይራለች።

«አባባ፣ አምና ውሃው የጎደለ ጊዜ ምን እንደሆነ ረሳኸው?» አለችው። «ሐኪም ቤት ማዶ ነው። ጀልባው ዳር አልደርስ ብሎ ሰውን በጭቃ ውስጥ እያዘልኩ ነበር የማሳፍረው። ያቺን የታመመች አሮጊት አዝዬ ስገባ እግሬ ተሰነቀረ፣ ሁለታችንም በፊታችን ተደፋን። ሴትየዋ ከበሽታዋ ይልቅ የኔ ጭቃ ይገድላት ነበር። ያንን ልድገመው?»

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ።»

ይኼም ከልቡ ነበር። ይዘጋ! አለ በልቡ። ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ሲጨርስ ግን የእናቱ የቢላ ምልክት ትዝ አለውና እንደገና ይከፈት ሆነ። ራት ሲቀርብ ይዘጋ ነበር። እጁን ሲታጠብ የቱ ላይ እንደሆነ ራሱም ጠፋበት።

«አንተስ?» አለችው ሚስቱ።

«እኔ ምን?»

«አንተ ምን ታስባለህ ነው የምልህ።»

ቁልፍ የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ ውስጡን ዳበሰ። የወንድሙ ሐሳብ አለ፣ የልጁ ሐሳብ አለ፣ የደንበኛው ሁሉ ሐሳብ ተከምሯል። የራሱ የሚባል አጣ።

«ምነው፣ ያንቺስ ሐሳብ ምንድን ነው?» አላት።

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ! ከተጋባን ጀምሮ የምትወደውን ወጥ እንኳ ሳልሰማ ነው የኖርኩት» ብላ ሳህኑን አነሳች። ቀልዷ ነበር፤ እሱን ግን አላሳቀውም።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ሊሆን፣ ጠዋት ላይ ወንድሙ ሱቁ መጣ። ጺሙን ሊላጭ ነው። እውነትህን አረፋውን መትቶ ቀባው፣ ምላጩን አወጣ፣ አገጩን ቀና አደረገው። ወንድሙ ዓይኑን እንደጨፈነ ተናገረ።

«ማሙሽ፣ እንቅልፍ አጥተህ ሰንብተሃል፣ ፊትህ ይናገራል። እኔ አስቤበታለሁ። ይዘጋ በልና ተገላገል።»

ምላጩ ቆመ።

«ልጅቷ ገና ናት። እኔ አርጅቻለሁ፤ አንዱ ጋ ተጠግቼ አድራለሁ። ቤቱም ቢሆን እንደኔው ያረጀ ነው። ምን ይሠራልኛል?»

እውነትህን ከትከሻው ላይ አንዳች ከባድ ነገር የወረደ መሰለው። መልሱ ከውጭ መጣለት፤ እንደ ልማዱ። ምላጩም የወንድሙ ጉሮሮ ላይ ነበር።

«እውነትህን ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለው።

በመስታወቱ ውስጥ የወንድሙ ዓይኖች ተገለጡ። አዩትና እንደገና ተከደኑ። መላጨቱ አለቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ወንድሙ ሎሽኑን በራሱ እጅ እያሸ፣ እየቀለደ ይቀመጥ ነበር፤ የዚያን ቀን ፎጣውን አጣጥፎ አስቀመጠና «ስብሰባው ላይ እንገናኝ» ብሎ ወጣ። እውነትህን ግን ደስ ብሎት እያፏጨ ሱቁን ጠረገ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሦስቱ ይከፈት አሉ፣ ሦስቱ ይዘጋ አሉ። ኢንጂነሯ ወደ እሱ ዞረች። ተነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንግዲህ... ሁላችሁም እውነታችሁን ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ግማሹን ከፈት፣ ግማሹን ዘጋ ቢደረግስ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሳቁ ጋብ ሲል። ኢንጂነሯ ራሷን ነቀነቀች። «ካቻምና ሞክረነዋል። ቤቶቹም ውሃ ገባባቸው፣ ጀልባዎቹም ጭቃ ላይ ቀሩ። ሁለቱም ወገን ነው የከሰሰን። አንዱን ይምረጡ፣ አባቴ።»

እውነትህን ወንድሙን በዓይኑ ፈለገው። ፊት ለፊት ተቀምጦ በቀጥታ ያየዋል። ያው የጠዋቱን ሊያስታውሰኝ ነው ብሎ አሰበና በልበ ሙሉነት «ይዘጋ» አለ።

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ከታችኛው ሰፈር አንዲት ሴት፣ «የገዛ ወንድምህን ውሃ ውስጥ ከተትከው!» ብላ ጮኸች። «ኧረ እሱ ራሱ ነው ያለኝ!» ሊል ወደ ወንድሙ ሲዞር ወንበሩ ባዶ ነበር። ወንድሙ የአዳራሹን በር ሲያልፍ ጀርባውን ብቻ አየው። በሩ ረጅም ሆኖ ሳለ ከልማድ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

እውነትህን ግራ ገባው። ሰው ራሱ ያለውን ሲያደርጉለት እንዴት ይቆጣል? ሲያወጣ ሲያወርድ ጀልባ መቆሚያው ደረሰ። ከማዶ መልስ ሰው ስታወርድ የነበረችው ልጁ ውሳኔውን ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ ግን እሱ የጠበቀው ደስታ የለም።

«አጎቴ ምን አለ?» አለችው።

«እሱ ራሱ እኮ ነው ይዘጋ ያለኝ። ጠዋት ሲላጭ። አርጅቻለሁ፣ ቤቱ ምን ይሠራልኛል አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እውነትህን ነው አልኩት።»

የያዘችው ገመድ ከእጇ ወደቀ። «አባባ! አርጅቻለሁ፣ ቤቴ ምን ይሠራልኛል ላለ ሰው እውነትህን ነው ይባላል? ምነው፣ ኧረ ተው፣ እንዲህ አትበል ይባላል እንጂ! አንዴ ተው ብትለው ኖሮ እኮ...» ወደ ሐይቁ ዞራ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

እውነትህን መሮጥ ጀመረ፤ በዚያ ዕድሜው፣ ነጭ የሥራ ጋዋኑን እንደለበሰ። በመውጫው በኩል ሲያልፍ ሁለት ሠራተኞች እጀታውን እያዞሩ ነበር። መዝጊያው ሲጢጥ እያለ ወርዶ መሬት ሲነካ ድምፁን ሰማው። ቆሞ ሊጮህባቸው አሰበና ምን ብሎ እንደሚጮህ ጠፋው፤ ሩጫውን ቀጠለ።

ወንድሙ በሩን ነቅሎ በሁለት ዱካ ላይ አጋድሞታል። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በእጁ መጋዝ ይዞ ቆሟል።

«መጣህ?» አለው ቀና ሳይል። «ይኸውልህ፣ አንዴ ልቁረጠው ወይስ ከነጭራሹ ልተወው እያልኩ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቆረጥለት ምን ቀረው? እስኪ አንተ ንገረኝ። ትቼው ልውጣ፣ አይደል?»

እውነትህን ከሩጫው ትንፋሹ ተቆራርጧል። አፉን ሲከፍት ያው ቃል ጥርሱ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ተሰማው። እጁን አየ። ምላጭ የለበትም።

«ተሳስተሃል» አለ።

ወንድሙ ቀና አለ።

«ተሳስተሃል፣ ወንድም ጋሼ። ጠዋትም ተሳስተህ ነበር። አላረጀህም። ቤቱም የአባታችን ቤት ነው፣ ያስፈልግሃል። እኔንም ያስፈልገኛል። የትም አትወጣም።» ሲናገር እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ማንንም እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

ወንድሙ መጋዙን ቀስ ብሎ በሩ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ እኮ ጠዋት የመጣሁት ይቺን ልሰማ ነበር፣ ማሙሽ» አለ። «ይዘጋ ስልህ ከልቤ ነው። ልጅቷ ጭቃ ውስጥ እንድትገባ አልፈልግም። ግን አንዴ እንኳ እምቢ ትለኛለህ ብዬ ነበር።»

ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። መዝጊያው ተዘግቷል፤ ዝናቡ ሲገባ ውሃው ይሄንኑ ወለል ፈልጎ እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። እውነትህን ትክክል ወስኖ ይሁን ተሳስቶ እስካሁንም አልገባውም።

ወንድሙ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ በሩ ግርጌ ላይ መስመር አሰመረ። «ይበቃል?» አለ።

እውነትህን ጎንበስ ብሎ አየው።

«በዛ» አለ። «ትንሽ ቀንስለት።»

ወንድሙ ቀና ብሎ ገረመመው። ከዚያ መስመሩን በአውራ ጣቱ አጥፍቶ ዝቅ አድርጎ አሰመረና፣ «በል ያዛት በዚያ በኩል» አለው። እውነትህን ጋዋኑን አውልቆ የበሩን ጫፍ ያዘ።