ከየት ነው የመጣችሁ?

አጎቴ ደብረ ታቦር ላይ ለገበሬው ምርጥ ዘር የሚያድል መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በቀብራቸው ዕለት አንድ ካድሬ ተነስቶ «ጓድ ከስብሰባ ቀርተው አያውቁም» ብሎ አወደሳቸው። ውሸታም! ከኃላፊነት ያስነሳቸው እሱ ራሱ ነው፣ ያውም ከስብሰባ ቀሩ ብሎ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ግቢው ውስጥ የሚጠብቁትን ገበሬዎች «ከየት ነው የመጣችሁ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የሳምንቱን ሥራ ተራ የሚያስይዙት በዚህ ነው። ከሩቅ የመጣው ዛሬውኑ ይስተናገዳል፣ ቅርብ ያለው የጋፋት ሰው ነገ ይመለሳል፣ የከተማው ሰው ደግሞ ሐሙስ ይደርሰዋል። ስብሰባ ጊዜ ከተረፈ ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ያ ካድሬ እየተጣደፈ መጣ።

«ጓድ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው እርስዎን እየጠበቀ ነው!»

«አንተስ ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከዚሁ፣ ከማዶ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል። እኒህ አባት ከእብናት ነው የመጡት። ዝናቡ ስብሰባችሁ እስኪያልቅ አይጠብቃቸውም።»

ገበሬዎቹ ሳቁ። ለሳቁ የከፈሉት ግን አጎቴ ናቸው፤ ወሩ ሳያልቅ ከወንበራቸው ተነሱ።

ባለፈው ሰኞ በዚያ በኩል ሳልፍ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ቢሮው ግን ተቆልፏል። ዘበኛውን ጠየቅኩት።

«ስብሰባ ናቸው።»

«ስለ ምን?»

«ሥራ ስለማቀላጠፍ።»

አጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ባዶ ስልቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሳላስበው «ከየት ነው የመጡት፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ከእብናት» አሉኝ። ከዚያም የሚያስተናግዳቸው ሰው በመጨረሻ የመጣ መስሏቸው፣ ስልቻቸውን ይዘው ተነሱ።